ፍርሃት አፍ ይዘጋል እንጂ ስሕተት አያስቀርም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ ሠራተኞችን የመሩ ሰው ናቸው። ያነሱት ጉዳይ ችግር ከተፈጠረ በኋላ የሚደረገውን የግምገማ ስብሰባ ነው። ሲስተም ሲቋረጥ፣ ማሽን ሲሰበር፣ ሰው ሲጎዳ ወይም ለጥቂት ሲተርፍ ቲሙ ቁጭ ብሎ "ምን ተፈጠረ?" የሚባባልበትን ማለቴ ነው።

ሐሳባቸው ባጭሩ እንዲህ ነው። እነዚህ ስብሰባዎች ለስላሳ ሆነዋል። "ወቀሳ አልባ ግምገማ" እና "ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት" (ሰው ሳይፈራ የሚናገርበት ሁኔታ) የሚባሉት ነገሮች ሠራተኛውን አዘናግተውታል። ስለዚህ ትንሽ ፍርሃት ይመለስ። አጥፊው በስሙ ይጠራ። ከፍተኛው አለቃ ራሱ ስብሰባውን ይምራ። የሚናገር ነገር ያለው ሰው ደፍሮ ይናገር። ጥቂት ችግር ያስመዘገበ ክፍል ደግሞ ይሸለም።

ቅንነታቸውን አልጠራጠርም። ምክራቸውን የተቀበለ መሥሪያ ቤት ግን የሚቀጥለውን አደጋ አስቀድሞ የሚያይበትን ዓይን በገዛ እጁ ያጠፋል ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው ነጥብ በነጥብ ለመመለስ የተነሣሁት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ነጥባቸው "የሚፈራ ሰው ይጠነቀቃል" የሚል ነው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ፍርሃቶች ተደባልቀውባቸዋል። አንዱ አደጋውን መፍራት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ኃይል መኖር አለመኖሩን ሳይለካ ገመድ የማይነካው ስለሚፈራ ነው። ይህ ፍርሃት ይኑር። ሌላው አለቃን መፍራት ነው። ይሄኛው ገመዱ ከመነካቱ በፊት የሚሠራው ነገር እምብዛም ነው። ሥራውን የሚጀምረው ከተነካ በኋላ ሲሆን፣ ሥራውም ወሬው እንዳይወጣ ማድረግ ነው።

ደግሞስ ፍርሃት ስሕተትን የሚያስቀር ቢሆን ኖሮ ከአውሮፕላን አብራሪ የበለጠ ማን ይሳካለት ነበር? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለውን የአሜሪካ ቦምብ ጣይ የሚያበርሩ ሰዎች አንድ ግራ የሚያጋባ ስሕተት ይደጋግሙ ነበር። በሰላም ካረፉ በኋላ፣ አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ እየሮጠ ሳለ፣ ፍላፑን (ክንፉ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል) እመልሳለሁ ብለው ጎማውን ያጥፉታል። አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። መዝገቡ ላይ "የአብራሪ ስሕተት" ተብሎ ይጻፋል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ሌላ ቀን ሌላ አብራሪ ያንኑ ይደግማል።

አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው ነገሩን በሌላ ዓይን ያየው። አብራሪዎቹን ትቶ የመቆጣጠሪያ ክፍሉን ተመለከተ። የጎማውና የፍላፑ ማንሻዎች ጎን ለጎን ናቸው፤ መልካቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሌላ ዓይነት አውሮፕላን የሚያበርሩት ደግሞ ይህ ችግር የለባቸውም። በጎማው ማንሻ ጫፍ ላይ ትንሽ የጎማ መንኮራኩር፣ በፍላፑ ላይ ደግሞ ሽብልቅ መሳይ ነገር አስገጠመ። እጅ ሳያይ በዳሰሳ ይለያቸዋል። ስሕተቱ ቆመ። እነዚያ ሰዎች የሚሞቱት ራሳቸው ነበሩ። ከዚያ የበለጠ ምን ማስፈራሪያ ሊጨመርባቸው ነበር?

ሁለተኛው ነጥብ "ወቀሳ አልባ ማለት ተጠያቂ የለም ማለት ነው" የሚለው ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በታኅሣሥ 1974 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ዋሽንግተን አቅራቢያ ተራራ ላይ ወድቆ የተሳፈሩት 92 ሰዎች በሙሉ አለቁ። የበረራ ሠራተኞቹ ለማረፍ የተሰጣቸውን ፈቃድ የተረዱት ከፍታቸውን ወዲያው መቀነስ እንደሚችሉ አድርገው ነበር። በኋላ ሲጣራ ልብ የሚሰብር ነገር ተገኘ። ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት የሌላ አየር መንገድ አብራሪዎች እዚያው ቦታ በዚያው የተሳሳተ ግንዛቤ ወርደው ለጥቂት ነበር የተረፉት። ለራሳቸው ድርጅት ተናግረዋል። ወሬው ግን ከዚያ አጥር አልወጣም፤ ሌሎቹ አብራሪዎች ጋ አልደረሰም።

ከዚህ በኋላ በ1976 የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት ተቋቋመ። የሚያስተዳድረው የበረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አይደለም፤ የአሜሪካው የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፈቃድ ለሚነጥቅህ አካል "ተሳስቼ ነበር" ብለህ አትጽፍም። ናሳ ሪፖርቱን ይቀበላል፣ የሰውየውን ማንነት ይሰርዛል፣ ትምህርቱን ያሰራጫል። ሳያስብ ደንብ የጣሰና በ10 ቀን ውስጥ ሪፖርት ያደረገ ሰው ከቅጣት የሚጠበቅበት መንገድም አለው። ልብ በሉ፣ ጥበቃው ገደብ አለው። ሆን ብሎ የተፈጸመ ጥሰትና ወንጀል አይሸፈንም። የደረሰ አደጋም ራሱን በቻለ ምርመራ ነው የሚታየው።

ይህን ተጠያቂነት የሌለበት ሥርዓት ብሎ የሚጠራ ሰው ሥርዓቱን አላየውም ማለት ነው። ተጠያቂነቱ አለ፤ ያየኸውን በወቅቱና በሐቅ የመናገር ተጠያቂነት ነው። የመሪውም አለ፤ የተነገረውን ሰምቶ የማስተካከል። እኔ እንደማየው ከቅጣት ይልቅ ይሄኛው ይከብዳል። ተቀጥቶ መገላገል ቀላል ነው።

ሆን ብሎ ያጠፋውን ከተሳሳተው መለየትም ይቻላል። የስሕተትን ጉዳይ በማጥናት የሚታወቀው ጄምስ ሪዝን የተጠቀመበት አንድ ጥሩ ጥያቄ አለ። በዚህ ሰው ቦታ ተመሳሳይ ሥልጠናና ልምድ ያለው ሌላ ሰው ብናስቀምጥ፣ ያን ሰዓት፣ በዚያ መረጃ፣ ያንኑ ያደርግ ነበር ወይ? መልሱ "አዎ፣ ሊያደርገው ይችላል" ከሆነ ሰውየውን መቅጣት ለቀጣዩ ሰው ወጥመዱን አስቀምጦ እንደመሄድ ነው።

በየካቲት 2017 የአማዞን የክላውድ ማከማቻ ለሰዓታት ሲቋረጥ መነሻው አንድ ሠራተኛ ያስገባው የተሳሳተ ትእዛዝ ነበር። ጥቂት ሰርቨሮች ከሥራ ሊያነሳ ሲል ብዙ አነሳ። ድርጅቱ በይፋ ያወጣው ማብራሪያ ያተኮረው መሣሪያው ላይ ነው። ትእዛዙን የሚፈጽመው ፕሮግራም ያን ያህል አቅም በዚያ ፍጥነት እንዲያነሳ መፍቀድ አልነበረበትም፤ ከአሁን በኋላ ቀስ ብሎ ያነሳል፣ ከዝቅተኛው መጠን በታች እንዳይወርድም ይከላከላል። ሠራተኛውን ቢያባርሩት ኖሮ ያው መሣሪያ በማግሥቱ ለሌላ ሰው ይሰጥ ነበር።

የስም ጉዳይ ሦስተኛው ነጥባቸው ነው። "ሁሉም ሰው ማን እንዳደረገው ያውቃል፤ ስሙን መደበቅ ማስመሰል ነው" ይላሉ። ማወቁንስ ያውቃል። ጥያቄው ስብሰባው የት ላይ ያቆማል የሚለው ነው። "ማን?" ብሎ የጀመረ ስብሰባ መልሱን ባንድ ደቂቃ ያገኛል። የቀረው ሰዓት ለንግግር ነው።

ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት በጥር መጨረሻ 2017 የደረሰበትን እዩ። አንድ ኢንጂነር በውድቅት ሌሊት ችግር ሲፈታ ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት ዋናውን ዳታቤዝ አጠፋ። ወደ 300 ጊጋባይት ነው፤ ሲደነግጥና ሲያቆመው የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ብቻ ነበር። ድርጅቱ ነገሩን ሁሉ ለሕዝብ ጻፈው። ሰውየው በሰነዱ ውስጥ ስም የለውም፤ "የቲም አባል 1" ነው። ሰነዱ እዚህ ላይ ስላላቆመ ምን ተገኘ መሰላችሁ? በየቀኑ ይሠራል ሲባል የነበረው ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ጭራሽ አይሠራም ነበር። የፕሮግራሙ ቨርዥን ከዳታቤዙ ቨርዥን ጋር ስላልተጣጣመ በዝምታ ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ተቀባዩ ሰርቨር ስለማይቀበለው አይደርስም። ብዙውን መረጃ ያዳነው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ ተብሎ የተወሰደ ቅጂ ነው። ያን ቅጂ የወሰደው ማን ነው? ያው የቲም አባል 1።

ጸሐፊው እንደሚሉት ቢሆን ኖሮ ስብሰባው ስሙን ጠርቶ፣ ሰውየውን አሸማቆ ያበቃ ነበር። የማይደርሰው ኢሜይል ግን እንዳልደረሰ ይቀር ነበር።

አራተኛው፣ "ከፍተኛው አለቃ ይምራው፤ ያኔ ሰው ነገሩን ከምር ይይዘዋል"። ከምር ይይዘዋል፣ ልክ ነው። አፉንም ይይዘዋል። "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ብሎ ያደገ ሰው የደመወዝ ጭማሪውን በሚወስንለት ሰው ፊት "ያዘዙን አሠራር ነው ችግሩ" ይላል ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

አንድ የተገኘሁበትን ስብሰባ ልንገራችሁ። የማቀዝቀዣ ማስጠንቀቂያ ሌሊት ሲጮህ ተረኛው ድምፁን አጥፍቶት ሙቀቱ ብዙ ዕቃ አበላሸ። አለቃው ከጠረጴዛው ራስ ሆነው ጠየቁት። "ለምን አጠፋኸው?" ልጁ መሬት መሬት እያየ "ይቅርታ፣ ሁለተኛ አይደገምም" አለ። ቃለ ጉባኤው ላይ "ሠራተኛው ምክር ተሰጥቶታል" ተብሎ ተጻፈ፤ ተበተንን። ደረጃው ላይ ልጁ ለጓደኛው የነገረውን ግን እኔም ሰማሁ። ማስጠንቀቂያው በየሌሊቱ ያለ ምክንያት ይጮሃል። እንዲጠገን ተጠይቋል። ፈረቃው ሁሉ ያጠፋዋል። እንዲያውም ከቁልፉ አጠገብ "ሲጮህ ሁለት ጊዜ ተጫን" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የወረቀቱ ጠርዝ ከመቆየት ብዛት ተጠቅልሏል።

ያ ወረቀት ስብሰባው ውስጥ አልገባም። ከጠቅላላው ታሪክ ዋናው ነገር ግን እሱ ነበር። ልጁ ዋሸ? አልዋሸም። "ዝም አይነቅዝም" አለ፣ አበቃ። ወረቀቱን ቢያወጣ ጓደኞቹን ያስጠይቃል፤ ጥገናውን ያዘገየውን ኃላፊም ፊት ለፊት ይከስሳል። ማን ነው በዚያ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያደርገው?

አለቃ የማይቀመጥበት ስብሰባ ይሁን እያልኩ አይደለም። የሚመራው ግን ከተጠያቂነቱ ሰንሰለት ውጭ ያለ ሰው ይሁን፤ ከሌላ ክፍል የመጣ፣ በማንም ላይ ግምገማ የማይሞላ። አለቃው መጨረሻ ላይ ይናገር። መጀመሪያ የሚናገር ከሆነም እሱ ራሱ ያላየውን ነገር ይናገር፤ "ጥገናው ሲጠየቅ እኔ ነኝ ያዘገየሁት" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍሉን የሚከፍተውን ያህል ምንም አይከፍተውም።

ጥያቄውም ይቀየር። "ለምን አጠፋኸው?" የሚለው ጥያቄ መልስ አይፈልግም፤ ይቅርታ ነው የሚፈልገው። "ሲጮህ ምን መሰለህ? ሌላ ጊዜ ሲጮህ ምን ታደርጋላችሁ?" ብትለው ስለ ወረቀቱ ይነግርሃል። "ምን ቢኖርህ ሥራው ይቀልህ ነበር?" ብትለው ደግሞ ሌላ ሦስት ያልሰማሃቸውን ነገሮች ይጨምርልሃል።

ጸሐፊው በመሐል "ማንም ሰው ሊያየው የሚችለው ነገር ነበር" የሚል ሐረግ ደጋግመዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። ውጤቱን ካወቅን በኋላ ነገሩ አስቀድሞም ግልጽ የነበረ ይመስለናል። ባሩክ ፊሾፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን በ1975 ባሳተመው ሙከራ አሳይቶታል። ሰዎች የነገሩ መጨረሻ ሲነገራቸው ያ መጨረሻ ይሆናል ብለው የሚሰጡት ግምት ከፍ ይላል፤ ከፍ ማለቱንም አይገነዘቡም። ስለዚህ በግምገማ ስብሰባ ላይ ያንን ሐረግ የሚናገር ሰው ስለ ራሱ አሁን ያለ እውቀት እየተናገረ ነው። ተረኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለሚያውቀው ምንም አልተናገረም።

አምስተኛው ነጥብ "ደፋር ሰው በማንኛውም ሁኔታ ይናገራል" የሚል ነው። ይህን ሳነብ ሮጀር ቦይስጆሊ ትዝ አለኝ። የቻሌንጀር የጠፈር መንኮራኩር ሮኬቶችን በሠራው ድርጅት ውስጥ ኢንጂነር ነበር። በጥር 27፣ 1986 ምሽት እሱና ባልደረቦቹ በስልክ በተደረገው ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ብርዱ የሮኬቶቹን መገጣጠሚያ የጎማ ቀለበቶች ያደነድናል፣ መንኮራኩሯ አትነሳ አሉ። ማስረጃ ይዘው ነው የቀረቡት። የራሳቸው ድርጅት አለቆች መጀመሪያ ተስማሙ፤ ከናሳ በኩል ጫና ሲመጣ ግን ለብቻቸው ተማከሩና ሐሳባቸውን ቀየሩ። አንዱ ኃላፊ ባልደረባውን የኢንጂነርነት ባርኔጣህን አውልቅና የሥራ አመራር ባርኔጣህን አድርግ አለው። በማግሥቱ መንኮራኩሯ በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች። ሰባት ሰዎች ሞቱ።

እዚያ ምሽት ድፍረት አልጠፋም። የጠፋው ድፍረቱን የሚቀበል ስብሰባ ነው። ቦይስጆሊ ለመርማሪው ኮሚሽን ያለውን ሁሉ ከተናገረ በኋላም በሥራ ቦታው ተገለለ። ይህን ያየ ሌላ ኢንጂነር ምን ይማራል? ስለዚህ "ደፍራችሁ ተናገሩ" የሚል መሪ መጀመሪያ ባለፈው የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት ይመልስልን።

እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትን መናገር አለብኝ። ለስላሳ ስብሰባ አለ። ሁሉም ፈገግ ብሎ "ችግሩ የሲስተሙ ነው" ተባብሎ የሚወጣበት፣ ቀጣይ ሥራ ተብሎ የተጻፈው ነገር ባለቤትም ቀንም የሌለው፣ ከስድስት ወር በኋላም እዚያው የሚገኝ። ይህ ያበሳጫቸዋል፤ እኔንም ያበሳጨኛል። ይህ ግን ሥነ ልቦናዊ ደኅንነት አይደለም፤ መሸሽ ነው። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን ይህን ጽንሰ ሐሳብ በ1999 ባሳተመችው ጥናቷ ስታብራራው፣ የቲሙ አባላት እዚህ መካከል ለመናገር፣ ለመጠየቅና ስሕተትን ለማንሳት ብደፍር አልጎዳም ብለው በጋራ ማመናቸው ነው። ዋናው ቃል መድፈር ነው። ደኅንነት ያለበት ስብሰባ ላይ ከባድ ነገር ይነገራል፤ ሰዎች ይከራከራሉ፤ "ያቀረብከው ምክንያት አላሳመነኝም" ይባባላሉ። ሁሉም የሚስማማበት ጸጥ ያለ ስብሰባ ሳይ እኔ ቶሎ የምጠረጥረው ፍርሃትን ነው።

የመጨረሻው ምክራቸው ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ነው። "ጥቂት ችግር ሪፖርት ያደረገ ክፍል ይሸለም።"

እዚሁ ላይ ኤድመንድሰንን እንደገና ልጥቀስ። ቀደም ብላ፣ በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ በሆስፒታል ክፍሎች ውስጥ የሚፈጸሙ የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተቶችን ተመልክታ ነበር። ጥሩ የሚባሉት ቲሞች ጥቂት ስሕተት ይኖራቸዋል ብላ ጠበቀች። ቁጥሩ ግን ተገልብጦ መጣ። የተሻለ አመራርና ግንኙነት ያላቸው ክፍሎች የበለጠ ስሕተት አስመዘገቡ። ጠጋ ተብሎ ሲታይ ነገሩ ሌላ ነው። እነዚያ ክፍሎች ስሕተትን በግልጽ ይነጋገሩበታል። ሌሎቹ ውስጥ ነርሶቹ ይደብቁታል። በጸሐፊው ሽልማት መሠረት የሚሸለመው ሁለተኛው ክፍል ነው።

የዴንማርክ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችም ታሪክ እንዲሁ ነው። ስሕተቱን ሪፖርት ያደረገ ሊቀጣ ይችል በነበረበት ዓመት የቀረቡት ሪፖርቶች 15 ነበሩ። በ2001 ፓርላማው ሪፖርት አድራጊን የሚጠብቅና ምስጢሩን የሚይዝ ሕግ አወጣ። አዲሱ ሥርዓት በተከፈተ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻ 20 ሪፖርት ገባ። በአንድ ዓመት 980 ደረሰ። ሰማዩ በአንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል አልከፋም። ያው ሰማይ ነው፤ አሁን ግን ይታያል።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የዘጉት "ሦስት ወር ሞክሩትና ቁጥሩን እዩ" በማለት ነው። ቁጥሩ እንደሚቀንስ እኔም እርግጠኛ ነኝ። መቀነሱ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ከላይ ያየነው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። በምትኩ ሌላ ነገር ሞክሩ። የመጨረሻዎቹን አምስት የግምገማ ቃለ ጉባኤዎች አውጡና አንብቧቸው። ሥራውን የሚሠራው ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችል፣ አለቆችን ያስገረመ ነገር አለባቸው ወይ? ችግሩን ያነሳው ራሱ የተሳሳተው ሰው የሆነበት አንድ እንኳ አለ ወይ? ከተጻፉት ቀጣይ ሥራዎች ውስጥ መሣሪያውን፣ አሠራሩን ወይም የሥራ ጫናውን የሚቀይሩት ስንት ናቸው? "ምክር ተሰጥቶታል" የሚሉትስ? ሁሉም "ምክር ተሰጥቶታል" ከሆኑ ሄዳችሁ ከቁልፎቹ አጠገብ የተለጠፉትን ወረቀቶች ፈልጉ፤ ማን ለጠፈው ብላችሁ ሳይሆን ለምን አስፈለገ ብላችሁ ጠይቁ።